በትንሽ ፉርጎ ጎን ላይ ያለ ጽሑፍ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ሳምንት የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች በቤተ መጻሕፍቱ ያደረጉት ንግግር)



እኛ የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ እጅግ ትንሽ ነገር ለመናገር ነው። ትንሽ ስንል ቁመቱ ከሁለት ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ማለታችን ነው። በጠረጴዛው ላይ የምታዩአቸው ሦስት ቀያይ ፉርጎዎች የመንገደኛ ባቡር ሞዴሎች ናቸው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሰው የተሠሩ ስለ ሆነ ርዝመታቸው አንድ ስንዝር ያህል ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ በጎናቸው ላይ የስዊስ አገር ጽሑፍ ታትሞባቸው ነበር። ያን ጽሑፍ አንሥተን በምትኩ ሌላ ጽፈናል። እንዴት እንዳነሣነው፣ በምትኩም ምን ለመጻፍ እንደ ወሰንን እንነግራችኋለን። ከሁለቱ ያስቸገረን የኋለኛው ነው።

ከእናንተ መካከል፣ «እውነተኛው ባቡር በደጃችን እያለፈ እነዚህ ልጆች በአሻንጉሊት ባቡር ምን ያደርጋሉ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ የተጀመረው ከዚሁ በደጃችን ከሚያልፈው ነው። የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ከአያት ወይም ከሲ.ኤም.ሲ. ተሳፍሮ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በዑራኤል አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄድ፣ በመንገዱ ለገሃር የሚባል ጣቢያ ያገኛል። ይህ የከተማ ባቡር ሥራ የጀመረው በ2015 ነው። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ለገሃር የሚለው ስም ግን ከእርሱ እጅግ የቀደመ ነው፤ በ1929 የተመረቀው አሮጌው የባቡር ጣቢያ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ማለት «ጣቢያው» ይባል ስለ ነበር፣ ሕዝቡ በራሱ አፍ አስማምቶ ለገሃር አለው። ፉርጎ የምንለውም ቃል እንዲሁ ከፈረንጆቹ «ፉርጎን» የመጣ ነው። እንግዲህ አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ መነሣት ካቆመ ብዙ ዓመት ሲሆነው፣ ቃሎቹ በየዕለቱ በአፋችን አሉ። በብረቱ ላይ በቀለም የተጻፈው ግን እንደ ቃል በአፍ አይተላለፍም። ፀሐይ ያነጣዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ዝገት ይበላዋል። በድሬዳዋ የጥገና ጋራዥ ግቢ የቆሙትን አሮጌ ፉርጎዎች ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው የምንለውን ያውቃል።

ታሪኩን ባጭሩ እንበለው። ዐፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ግን ገንዘብ ስላጠረው ከዚያ ወዲህ ሊራመድ አልቻለም። በ1908 ፈቃዱ ለሌላ ኩባንያ ተሰጠ። ይህ ኩባንያ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተብሎ በ1917 ሐዲዱን አዲስ አበባ አደረሰው። ርዝመቱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የኩባንያው ስም በፈረንሳይኛ በሦስት ፊደሎች ያጥራል፤ ፈረንሳዮች ሲያነቡአቸው ሴ፣ ኤፍ፣ ኧ ይሏቸዋል። ኤፍ የምትለው ፊደል ለፈረንሳይ የቆመች ናት። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ሊቶሪና የተባለውን ፈጣን ባለ ሞተር ፉርጎ አመጡ፤ ይህን ቃል ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። በ1959 በተደረገ ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ወጣች፤ በ1981ም ባቡሩ የሁለቱ አገሮች ሆኖ የጅቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተባለ። አሁን ፊደሎቹ ሴ፣ ዴ፣ ኧ ሆኑ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከሦስቱ ፊደሎች የተለወጠችው መካከለኛይቱ ብቻ ናት። ኤፍ ወጥታ ዴ ገባች። ቀለም ቀቢው በአንዱ ፉርጎ ላይ ይህን ለማድረግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም ይሆናል፤ ፊደሏ እንድትለወጥ ግን አንድ አገር ነጻ መውጣት ነበረበት።

ወደ ሞዴሎቻችን እንመለስ። ስለ ምን የስዊስ ፉርጎ መረጣችሁ የሚል ቢኖር መልሱ በሐዲዱ ስፋት ላይ ነው። አሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በደጃችን የሚያልፈው የከተማ ባቡርና በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መሥመር ግን ስፋታቸው 1435 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል፤ ሞዴል ሠሪዎችም 12 ሚሊሜትር በሆነ ሐዲድ ይጠቀማሉ። በአውሮፓ የሚሸጠው አብዛኛው ሞዴል ለሰፊው ሐዲድ የተሠራ ስለ ሆነ ለእኛ አይስማማም። በስዊስ ተራራማ ክፍል የሚሄደው የሬቲያ ምድር ባቡር ግን እንደ እኛው የአንድ ሜትር ሐዲድ አለው፤ ሞዴሉም በገበያ ይገኛል። ሦስቱን ያገለገሉ ፉርጎዎች ከዙሪክ ይዘውልን የመጡት የአንድ ጓደኛችን አጎት ናቸው። ፉርጎዎቹ የእኛን አገር ፉርጎ ቁርጥ አድርገው አይመስሉም፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን በእኛ ሐዲድ ላይ ሊቆሙ ይችሉ ነበር።

አሁን ስለ ማንሣቱ። አስቀድሞ ጽሑፉ በምን ዘዴ እንደ ታተመ ማወቅ ይገባል። ፋብሪካው ፊደሎቹን በብረት ሰሌዳ ላይ በስሱ ይቀርጻል፤ በተቀረጸው ውስጥ ቀለም ሞልቶ የተረፈውን ይጠርጋል፤ ከዚያም ልስልስ ያለ የሲሊኮን ትራስ ሰሌዳውን ተጭኖ ቀለሙን ያነሣና በፉርጎው ጎን ላይ ያሳርፈዋል። ትራሱ ለስላሳ ስለ ሆነ ቀለሙ በጎድጓዳውም በእብጠቱም ላይ እኩል ይቀመጣል። እንግዲህ ጽሑፉ ከፉርጎው ቀለም በላይ የተቀመጠ እጅግ ስስ ቆዳ ነው። ሥራው ይህን የላይኛውን ቆዳ አንሥቶ የታችኛውን መተው ነው። ሽንኩርት የላጠ ሰው ነገሩ ቀላል እንዳይደለ ያውቃል።

ከሁሉ አስቀድመን ፉርጎውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጠብነው፤ የጣት ቅባት ካለበት መድኃኒቱ እኩል አይሠራምና። ቀጥሎ የነበረውን ጽሑፍ ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ አነሣነው፤ የእያንዳንዱን ፊደል ቁመትና ከመስኮቱ ያለውን ርቀት በደብተር ጻፍን። አንዳንድ አባሎች፣ «የምናጠፋውን ለምን እንለካለን?» ብለው ነበር። የምናጠፋው የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ከጠፋ በኋላ መለካት አይቻልም። ደግሞም ፋብሪካው ጽሑፉን በየት እንዳስቀመጠው ማወቁ የራሳችንን ለማስቀመጥ ረድቶናል።

የተጠቀምንበት መድኃኒት አይሶፕሮፒል የሚባለው አልኮል ነው። እንዲህ ያለው ነገር በመድኃኒት ቤት ይገኛል፤ ነገር ግን ጠርሙሱን አንብቡ። ከ2020 ወዲህ በየቤቱ የቀረው የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማወፈሪያ በፉርጎው ላይ እንደ ንፍጥ ይቀራልና። አሴቶን፣ ማለት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ፈጽሞ አይቅረብ። ፉርጎው የተሠራበትን ፕላስቲክ ራሱን ያቀልጠዋል። ይህን ለማሳየት ከተጣለ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ አንድ ጠብታ አሳርፈናል፤ ሳጥኑ እነሆ በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው፤ ንግግሩ ሲያልቅ ቀርባችሁ ጉድጓዱን ተመልከቱ። ቤንዚንም እንዲሁ ፕላስቲክን ይጎዳል፤ ከዚያም በላይ ቤት ያቃጥላል። አልኮሉም ቢሆን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ስለዚህ እናታችሁ ከሰል አያይዘው ቡና በሚያፈሉበት ክፍል ይህን ሥራ መሥራት ክልክል ነው፤ መስኮት ክፈቱ፣ ከእሳት ራቁ።

መጀመሪያ በፉርጎው ሆድ በኩል፣ ማንም በማያየው ስፍራ፣ አንድ ጠብታ ተሞከረ። ቀዩ ቀለም እንዳልተነካ ካየን በኋላ ወደ ጎኑ ዞርን። የጆሮ ማጽጃውን ጥጥ በአልኮሉ አርሰን ትርፉን በወረቀት ላይ አስመጠጥነው፤ የሚንጠባጠብ ጥጥ አልኮሉን በመስኮቱ ጠርዝ ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚያ ጥጡን በፊደሉ ላይ ጫን አድርጎ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። አትፈትጉ! የሚፈትግ ሰው የሚያነሣው ፊደሉን ብቻ አይደለም። ፊደሉ ሲለሰልስ ዳርና ዳሩ ይሸበሸባል፤ ያን ጊዜ ጫፉ በተዶለዶመ ስቴኪኒ ከዳር ወደ መካከል ገፋ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ጥጡን በየፊደሉ መለወጥ ይገባል፤ አለዚያ ከአንዱ ፊደል ያነሣነውን ነጭ በሌላው ቦታ እንቀባዋለን። ጥጡን ዘወትር ተመልከቱ፤ ነጭ እያነሣ ከሆነ መልካም ነው፤ ሐምራዊ ከመሰለ ቀዩ መነካት ጀምሯልና በዚያው ቅጽበት አቁሙ። አንዱን ፉርጎ በሁለቱም ጎኑ ለማጽዳት ሁለት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብናል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል ብለን እንናገራለን፤ በክበባችንም ትዕግሥት ያላቸው ልጆች ተመርጠው እንዲሠሩ፣ የቀረነው እንድንመለከትና እንድንጽፍ ተደርጓል።

ፊደሉ ከተነሣ በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። ብርሃኑን ከጎን አድርገን ስንመለከት ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ከአካባቢው ጠቆር ብሎ ይነበብ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ቀዩ ቀለም በብዙ ዓመት ብርሃን ጥቂት ገርጥቷል፤ ከፊደሎቹ በታች ያለው ግን ተሸፍኖ ስለ ኖረ እንደ መጀመሪያው ቀርቷል። ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ሥዕሉ ሲወርድ የሚታየው ዐይነት ነው። ይህን ጥላ ለማለዘብ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አድርገን በጥቂቱ አሸነው፤ የጥርስ ሳሙና በውስጡ ልም ዱቄት ስላለው እጅግ እንደ ላመ ብርጭቆ ወረቀት ያገለግላል። በአንደኛውና በሦስተኛው ፉርጎ ላይ ጥላው ጠፋ። በሁለተኛው ላይ ግን ሆን ብለን ጥቂት ተውንለት፤ በቅርብ የሚመለከት ሰው ያየዋል።

አሁን በምትኩ ስለ መጻፉ። በእጅ በቀጭን ብሩሽ ለመጻፍ ያሰበ ሰው የሚከተለውን ሒሳብ ይሥራ። በእውነተኛው ፉርጎ ላይ 20 ሳንቲሜትር የሚሆን ፊደል በሞዴሉ ላይ 2.3 ሚሊሜትር ነው። የፊደሉ መሥመር ውፍረት የቁመቱ አንድ ዐሥረኛ ቢሆን ከሩብ ሚሊሜትር ያንሳል። የሰው እጅ ይህን አንድ ጊዜ ቢያደርገው ስድስት ጊዜ እኩል አያደርገውም።

ሁለተኛው አሳብ በመገናኛ አካባቢ ለታክሲ ስቲከር ከሚቆርጡት ቤቶች ዘንድ መሄድ ነበር። ሰዎቹ እጅግ ብልሆች ናቸው፤ ለትልቅ ፊደል ከእነርሱ የሚሻል የለም። ነገር ግን የስቲከሩ ፕላስቲክ ውፍረት አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ያን በ87 ብናበዛው በእውነተኛው ፉርጎ ላይ ወደ 9 ሚሊሜትር የሚጠጋ ሳንቃ እንደ መለጠፍ ይሆናል። በዚያ ላይ የመቁረጫው ስለት በ2 ሚሊሜትር ፊደል ውስጥ ሲዞር ፊደሉን ነቅሎት ይመጣል።

የቀረው በውኃ የሚለጠፈው ስስ ሥዕል ነው፤ ሞዴል ሠሪዎች ዴካል ይሉታል። ከማስቲካ መጠቅለያ ውስጥ ወጥቶ በእጃችን ላይ በውኃ እናትመው የነበረው ሥዕል የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩ በሆነ ወረቀት ላይ በኮምፒዩተር ማተሚያ ይታተማል፤ ተቆርጦ በውኃ ሲነከር ስሱ ቆዳ ከወረቀቱ ይላቀቃል፤ በወረንጦና በርጥብ ብሩሽ እየተገፋ በቦታው ይቀመጣል። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። የተራው ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭ የሚመስለን ወረቀቱ ራሱ ነው። እኛ ደግሞ በቀይ ላይ ነጭ ፊደል እንፈልጋለን። ስለዚህ በነጭ ዴካል ወረቀት ላይ ፊደሉን ባዶ ትተን ዙሪያውን በቀይ አተምነው። ከፉርጎው ቀይ ጋር የሚስማማውን ቀይ ለማግኘት ዐሥራ አራት ዐይነት ቀይ በተራ ወረቀት ላይ አትመን በቀን ብርሃን አመሳስለናል። የዴካሉም ጠርዝ እንዳይታወቅ በመስኮቱ ሥር ባለው መሥመርና ከታች ባለው ጠርዝ ልክ ቆረጥነው፤ ዐይን ጠርዙን የፉርጎው መገጣጠሚያ አድርጎ ያልፈዋል።

ከመለጠፉ በፊት ጎኑን በሚያንጸባርቅ ቨርኒሽ መቀባት ያስፈልጋል። ድብዝዝ ያለ ቀለም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሻካራ ነው፤ በሻካራው ጉድጓድ ውስጥ አየር ይቀርና ከዴካሉ በታች እንደ ብር ያብለጨልጫል። ከተለጠፈና በደንብ ከደረቀ በኋላ ግን ሁሉም ባንድነት በድብዝዝ ቨርኒሽ ይቀባል፤ የጥርስ ሳሙናው ያበራው ቦታም በዚያው ይሸፈናል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምን እንጽፍ የሚለው ክርክር አላለቀም ነበር። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን፣ «ሴ፣ ዴ፣ ኧ ይጻፍ፤ የመጨረሻው ስም እርሱ ነው፤ የፈረንሳይን ፊደል በእጃችን መልሰን ለምን እንጽፋለን?» አለ። ሁለተኛው ወገን፣ «ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰውም ከስድሳ ዓመት በላይ ሕዝብ የተሳፈረበትም በኤፍ ዘመን ነው» አለ። በዚህ መካከል በምድር ባቡር ያገለገሉ የአንድ ጓደኛችን አያት ነበሩና ሄደን ጠየቅናቸው። ወጣት ሆነው የተቀጠሩት በኤፍ ጊዜ ነው፤ ጡረታ የወጡት በዴ ጊዜ። ነገሩን በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ለእኔ ሁለቱም ደመወዝ ከፍለውኛል፤ አንዱን አጥፍታችሁ አንዱን ብቻ አታስቀሩብኝ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ብዙ ክርክር አልተደረገም።

ስለዚህ አንደኛው ፉርጎ የ1981 መለወጥ ሳይመጣ የነበረ ሆኖ ሴ፣ ኤፍ፣ ኧ ተጻፈበት። ሁለተኛው ከለውጡ በኋላ ያለ ሆኖ ሴ፣ ዴ፣ ኧ ተጻፈበት። ቅድም ጥላ ትተንለታል ያልነው ይህኛው ነው፤ በብረት ላይ አሮጌ ጽሑፍ በአዲስ ቀለም ሥር እንዴት ገረፍ አድርጎ እንደሚታይ የአሮጌ ሱቆችን በር የተመለከተ ሁሉ ያውቃል። የስዊሱ ፊደል ጥላ የኤፍን ቦታ ወክሎ እንዲቆም አድርገናል፤ ይህ ተንኮል መሆኑን ግን በፉርጎው ሆድ ላይ ጽፈናል።

ሁለቱ ፉርጎዎች በአንድ ባቡር ሊቀጠሉ ይችላሉ ወይ ብሎ የጠየቀን መምህር አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ የምድር ባቡር ስሙ ሲለወጥ ፉርጎዎቹ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይቀቡም። በእንግሊዝ አገር በ1948 አራቱ ታላላቅ የባቡር ኩባንያዎች የመንግሥት ሲሆኑ፣ በብዙ ፉርጎዎች ላይ በቁጥሩ ፊት አንዲት ፊደል ተጨምራ አሮጌው ቀለም ለዓመቶች ቀጥሏል። የእኛም ቀለም ቀቢዎች ከእነርሱ የፈጠኑ አይመስለንምና ሁለቱን አያይዘን አቁመናቸዋል።

ሦስተኛው ፉርጎ የበዓል ፉርጎ ነው። በእርሱ ላይ በአማርኛ «ምድር ባቡር» ብለን ጽፈናል። ይህ ከፎቶግራፍ የተቀዳ አይደለም፤ የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ እኛ ያወጣነው ነው፤ ይህም በሆዱ ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የወሰደብን እርሱ ነው። ምክንያቱን ስንነግራችሁ ለሳቅ ተዘጋጁ።

የላቲን ትልልቅ ፊደሎች በአብዛኛው እርስ በርሳቸው በቅርጽ የራቁ ናቸው፤ ኤፍና ኧ ግን ከታች ባለችው አንዲት ሰረዝ ብቻ ይለያያሉ። የእኛ ፊደል ግን የድምፁን ልዩነት የሚያሳየው በትንንሽ ቅጥያ ነው። በ የምትለዋ ቀኝ እግሯ ሲረዝም ባ ትሆናለች፤ በጎኗ ትንሽ ቅጥያ ስትጨመርባት ቡ ትሆናለች። ፊደሉ 2.3 ሚሊሜትር ሲሆን የቡ ቅጥያ የሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የባም እግር ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። በመጀመሪያ የታተመው ወረቀት ላይ ማተሚያው በየኢንቹ 300 ነጥብ እንዲያትም ተደርጎ ነበር፤ አንዱ ነጥብ 0.085 ሚሊሜትር ማለት ነውና የቡ ቅጥያ ሦስት ነጥብ እንኳ አልሞላም። ውጤቱ ምን ሆነ? የባ እግር አጠረ፣ የቡ ቅጥያ ጠፋ፣ «ባቡር» የነበረው «በበር» ተብሎ ተነበበ። «ምድር በበር»! ወረቀቱን ለማስታወሻ አስቀምጠነዋል።

መፍትሔው ሦስት ነበር። ማተሚያው በየኢንቹ 600 ነጥብ እንዲያትም ተደረገ። መጽሐፍ የሚታተምበት ፊደል ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን በመሆኑ ቀጭኑ ስለሚጠፋ፣ ሁሉም መሥመር እኩል የሆነበትን ፊደል መረጥን። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን ሦስተኛው ነው፤ የባን እግር ከተገቢው በላይ ጥቂት አስረዘምነው፣ የቡንም ቅጥያ ከአካሏ ራቅ አደረግናት። በትልቁ ሲታይ ፊደሉ እግረ ረጅምና አስቀያሚ ነው፤ በትንሹ ሲታይ ግን «ባቡር» ይነበባል። የሱቅ ስም በግድግዳ ላይ የሚጽፉ ሰዎችም ከሩቅ እንዲነበብ ሲሉ እግሩን እንዲሁ እንደሚያስረዝሙ ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ እያየን ነው።

ፉርጎዎቹን ማንሣት የሚፈልግ ሰው ጎናቸውን ሳይነካ በሁለቱ ጫፎቻቸው ይያዝልን። በሥራው መሳተፍ የሚፈልጉ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእጅ ሥራ ክፍል ይምጡ፤ የራሳቸውን ሞዴል ሳይሆን ጽሑፍ የታተመበት የተጣለ የፕላስቲክ ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ክዳን እንኳ ይበቃል።

በመጨረሻ ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለን። ፉርጎዎቹን ስትመለከቱ ቁጥር እንደሌላቸው ታያላችሁ። ቁጥር ከራሳችን አውጥተን አንጽፍም፤ ከእውነተኛ ፉርጎ ፎቶግራፍ እንቀዳዋለን። በቤታችሁ አልበም ውስጥ በለገሃር፣ በሞጆ፣ በናዝሬት፣ በአዋሽ ወይም በድሬዳዋ ጣቢያ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ካለ፣ ከኋላችሁ የቆመውን ፉርጎ ጎን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱልን። ቁጥሩ የሚነበብ ከሆነ ፎቶግራፉን ለአንድ ቀን ስጡን፤ እዚያው ቤታችሁ መጥተን እንቀዳዋለን ብንባልም ደስ ይለናል።